ዓሣው ከየትኛው ውኃ ወጣ?

ሜርኩሪ፣ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና መሰል ከባድ ብረቶች ወደ ዓሣ የሚገቡት በስንጥቡ ከሚያልፈው ውኃና ከሚመገበው ምግብ ነው። አብዛኞቹ ከሥጋው ይልቅ በጉበቱ፣ በኩላሊቱና በስንጥቡ ይበዛሉ። ሜርኩሪ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በደለል ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል፤ ያ ደግሞ የዓሣው ሥጋ ውስጥ ይሰፍራል። ትልቁ ዓሣ ትንሹን በበላ ቁጥርም እየተከማቸ ይሄዳል። በሐዋሳ ሐይቅ የተደረጉ ጥናቶች ትልልቅ ቢልጫዎች ከቆሮሶ እጅግ የላቀ ሜርኩሪ እንደሚይዙ አሳይተዋል። ቆሮሶ በዋናነት ዋቅላሚ ይመገባል፤ ቢልጫ ግን ሲያድግ ዓሣ አዳኝ ይሆናል።

በአዋሽ ተፋሰስ ዋናው ሥጋት የፋብሪካ ፍሳሽ ነው። የአዲስ አበባን ቆሻሻ የተሸከመው የአቃቂ ወንዝ በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሞጆ ወንዝ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተቀብሎ በ1952 ዓ.ም. ወደተመረቀው የቆቃ ግድብ ይዘልቃል። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ሳይጣራ ከተለቀቀ ደለሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጭቃ ለጭቃ የሚመገበው አምባዛም እዚያው ያገኘዋል።

ጥያቄው ግን ከወንዞቹ የራቀ ገዢንም ይመለከታል። ለምሳሌ ሐረር ከእነዚህ ወንዞች ርቃለች። ይሁን እንጂ ቅርቧ የነበረው ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደርቆ ነበር፤ ያን ጊዜ የከተማዋ ሰው የመጠጥ ውኃውንም ዓሣውንም በአንድነት አጣ። ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ዓሣ የሐረር ሸዋ በር ገበያ ሲደርስ የወጣበት ውኃ አብሮት አይጻፍም። ገዢዋ ዓይኑንና ስንጥቡን አይታ ትኩስነቱን ትለያለች፤ ይህ ትልቅ ሙያ ነው፤ ብረቱን ግን ማንም በዓይንም በአፍንጫም አይለየውም። መቀቀልም መጥበስም አያጠፋውም። ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን አውጥቶ መጣል የክሮሚየሙንና የካድሚየሙን መጠን ይቀንሳል፤ ሥጋው ውስጥ ላለው ሜርኩሪ ግን አይረዳም። ለዚህ ያለው መፍትሔ ትልልቁን አዳኝ ዓሣ መብላትን ማሳነስ ነው፤ በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት፣ ምክንያቱም ሜቲል ሜርኩሪ የፅንስን አንጎል ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1956 ይፋ ከሆነው፣ ሜቲል ሜርኩሪ ካስከተለው የጃፓኗ ሚናማታ በሽታ ዓለም ይህን በከባድ ዋጋ ተምሯል።

ይህ ሁሉ ዓሣን ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም፤ ጥሩ ምግብ ነው። ሸክሙ ግን በገዢዋ ላይ ሊጫን አይገባም። ፍሳሹን ከፋብሪካው ደጃፍ ማጣራት፣ ከየግድቡና ከየሐይቁ ናሙና እየወሰዱ በቤተ ሙከራ መለካት፣ ዓሣውንም ከወጣበት ውኃ ስም ጋር መሸጥ የተቆጣጣሪው ሥራ ነው።