ውሉም ቆጣሪውም በጽሑፍ ይሁን
የካ ሚካኤል አካባቢ እንደ እኔ ሁለት ሦስት ሰርቪስ ክፍል የሚያከራይ ብዙ ነው። ዛሬም አብዛኛው በቃል ይስማማል፤ ጠቡም ከዚያ ይነሳል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ክፍያው በባንክ ሲሆን ደረሰኙ ይመሰክራል። አዋጁ አከራይን ይጎዳል የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ፤ እኔ ግን ይጠብቀናል ባይ ነኝ።

በየወሩ የሚያጨቃጭቀው ደግሞ የመብራት ቆጣሪ ነው። እንጀራ የሚጋግረውና ሻይ ብቻ የሚያፈላው እኩል መክፈላቸው ግፍ ነው። ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ አስገቡ፤ ንባቡንም ተከራዩ ባለበት ጻፉ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሮቶው አጠቃቀምም ውሉ ላይ ይግባ። ክረምት ሳይገባ ደግሞ ቆርቆሮውን አስጠግኑ፤ በሚያፈስ ክፍል ልጅ የምታሳድግን እናት ሙሉ ኪራይ መጠየቅ ለእኔ አይዋጥልኝም።