አልማዝ ስለሚለው ስም

በቦሌ መድኃኔ ዓለም አጥቢያ የምትኖር አንዲት ወጣት እናት፥ «አማቴ ሕፃኗን አልማዝ እንበላት ይላሉ፤ ስሙ ግን አርጅቷል» ስትል አሳባችንን ጠይቃናለች።

በሰማንያ ቀኗ የክርስትና ስሟን ካህኑ ስለሚሰጧት፥ ክርክሩ ስለ ዓለም ስሟ ነው። እርግጥ፥ አልማዝ የእናቶቻችን ዘመን ስም ነው። ሆኖም አልማዝ አያና በ2008 ዓ.ም. በሪዮ የ10 ሺህ ሜትሩን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፥ ስሟን ያረጀ ነው ያለ አልሰማንም። (በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 21 ከተቈጠሩት 12 የከበሩ ድንጋዮች መካከል መረግድና ሰንፔር አሉ፤ አልማዝ ግን የለም።)

ዳሩ ግን፥ እኅታችን ሆይ፥ አማትሽ ድንጋዩን ያሰቡ አይመስለንም፤ በሕፃንነቷ የሞተች ልጃቸው አልማዝ ትባል እንደ ነበር አንቺው በደብዳቤሽ ጫፍ ጽፈሻል። እኛ ብንሆን ስሙን እንሰጣት ነበር። አንቺ ባትፈቅጂ እንኳ፥ ከክርስትናው በፊት ስለዚያች ልጅ እንዲያጫውቱሽ ለምኛቸው።