ከዋጋው በፊት የችግሩን ስም እንጠይቅ

ረመዳን ከተጋመሰ በኋላ በየቤታችን የሚነሳው ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። የልጆች ልብስ፣ ሂና፣ የሳሎኑ መጋረጃ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ፊት። ከተራዊሕ መልስ ልጃገረዶቻችን ስልክ ላይ ተሰብስበው የሚያዩት የውበት ሳሎኖችን የዒድ ቅናሽ ነው። ዒድን ተከትሎ ሰርጉም ስለሚበዛ ሙሽሮችና ሚዜዎችም እዚያው ወረፋ ይይዛሉ። ማስታወቂያው “ፌሻል፣ ፒሊንግና ሌዘር በአንድ ዋጋ” ይላል። ፊቷ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቃት የለም።

ለዒድ መታጠብና ማማር የተወደደ ነውና ፊትን መንከባከብን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ብጉር ያለባት፣ ማድያት የወጣባትና ጠባሳ የቀረባት ሦስት ሴቶች በአንድ ወንበር ላይ ተራ በተራ ተቀምጠው አንድ ዓይነት ነገር ተቀብተው የሚወጡበትን አሠራር ነው። ለአንዷ የሚበጃት ለሌላዋ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ብጉርን እንይ። ያበጠና መግል የቋጠረ ብጉር በእንፋሎት ተሞቆ በጣት ሲፈርጥ ቁስሉ ወደ ውስጥ ይሰፋል፤ እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ለዚህ ዓይነቱ ፊት በባለሙያ የሚሰጥ የሳሊሲሊክ አሲድ ፒሊንግ የተሻለ ነው። ይህ አሲድ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ የተደፈነውን ቀዳዳ ይከፍታል። ዋናው ሕክምና ግን ማታ ማታ የሚቀባ መድኃኒት ሲሆን፣ ውጤቱን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልጋል። ለዒድ አይደርስም፤ ይህን በግልጽ የምትነግር ባለሙያ ሐቀኛ ናት። ሐኪም ዶክሲሳይክሊን ያዘዘላት ጿሚ ደግሞ እንክብሉን በማፍጠሪያ ሰዓት ከምግብ ጋር፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ትውሰደው። ሱሑር ላይ በጉንጭ ውኃ ውጦ ወዲያው መተኛት ጉሮሮን ያቆስላል።

ማድያት ሌላ ነገር ነው። እርግዝና፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ሆርሞን፣ የቤተሰብ ውርስና ፀሐይ ያመጡታል። ብዙ እናቶች “ሌዘር ያጠፋዋል” ተብለው ገንዘብ ይከፍላሉ። ሙቀቱ ግን ማድያትን ሊያነሳሳው ይችላል፤ ለጊዜው የፈዘዘው ከወራት በኋላ ጠቁሮ ሲመለስ ይታያል። እኛ የማድያት ሕክምና ከፀሐይ መከላከያ መጀመር አለበት እንላለን። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ያለችው 2300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀለም ያለው፣ የብረት ኦክሳይድ የተቀላቀለበት መከላከያ የሚታየውንም ብርሃን ስለሚቀንስ ለማድያት ይመረጣል። አንድ የማይነገር ነገር አለ፤ ለዙህር ውዱእ ስናደርግ የጠዋቱ ቅባት ይታጠባል። ከሶላት በኋላ ካልደገምነው ከሰዓቱን ያለ መከላከያ ዋልን ማለት ነው።

የጎደጎደ የብጉር ጠባሳ ያለባት በመርፌ የሚሠራውን ማይክሮኒድሊንግ ብትመርጥ ያስኬዳል፤ በወር ልዩነት ብዙ ጊዜ መመላለስ እንዳለባት ግን ትወቅ። ቁስሏ ሲድን ወደ ላይ የሚያብጥባት፣ ማለትም ኬሎይድ የሚወጣባት ሴት ከዚህ ትራቅ። ብጉሩ ገና ሳይደርቅ ጠባሳውን ማከምም ትርፉ ድካም ነው። በመርፌ የተነካ ፊት ለተወሰነ ጊዜ ውኃ ሊከለከል ስለሚችል የውዱእን ጉዳይ፣ መርፌውም ከጾም ጋር ያለውን ነገር ቀጠሮ ከመያዝ በፊት ኡስታዝን መጠየቅ ይገባል። ወይም ሕክምናውን ወደ ሸዋል ማዛወር ነው፤ የሚያጣድፍ ነገር የለውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን “ያነጣል” እየተባለ ስሙ ባልተጻፈ ብልቃጥ የሚሸጠው ክሬም ነው። ከገልፍ አገራት በሻንጣ የሚመጣ አለ፣ እዚሁ ተቀላቅሎ የሚሸጥ አለ። በእንዲህ ዓይነት ክሬሞች ውስጥ በተደጋጋሚ ከተገኙት ነገሮች ሁለቱ ሜርኩሪና ክሎቤታሶል የተባለው ጠንካራ ስቴሮይድ ናቸው። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከእናት ቆዳ አልፎ ለሚጠባ ሕፃንም ይተርፋል። የሚናማታ ስምምነት አባል አገራት ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ከ2025 ወዲህ እንዳይመረት የወሰኑትም ስለዚሁ ነው። መመሪያው ላይ “ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ” የሚል ክሬም ካያችሁ ተጠራጠሩት። ስቴሮይዱ በመጀመሪያው ሳምንት ፊትን ያጠራና ያስደስታል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ይቀላል፣ ጸጉር ያበቅላል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ፊት እንደ እሳት ይቃጠላል። ጠይም ሆና የተወለደችን ልጅ “ለሙሽርነት ትንሽ ቅይ” የምንላት አክስቶችና አያቶች እዚህ ላይ ድርሻችንን ማየት አለብን።

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል እናቶች የሚቀቡት ቀሲል ከዚህ ብልቃጥ በብዙ ይሻላል። ቢያንስ ከየትኛው ዛፍ ቅጠል እንደተወቀጠ ይታወቃል።

እንግዲህ ዒድ 10 ቀን ብቻ ሲቀረው ምን እናድርግ? ከዚህ በፊት ያልተሞከረ ፒሊንግም ሌዘርም አንጀምር። የተላጠ ቆዳ ከሳምንት በላይ ሊቀላና ሊቆጣ ይችላል፤ በዒድ ሶላት ሜዳ ፀሐይ ላይ ደግሞ ይብሳል። ለስለስ ያለ መታጠቢያ፣ ማለስለሻ ቅባት፣ የሚቻለውን ያህል እንቅልፍ ይበቃል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት የሬቲኖይድ ቅባትና እንክብል ከመጀመሯ በፊት ሁኔታዋን ለሐኪም ትንገር።

ከዒድ በኋላ የቅናሹን ገንዘብ ለአንድ የቆዳ ሐኪም ምርመራ ማዋል ይቻላል። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ታስቦ የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ሆስፒታል ነው፤ ሌሎችም የቆዳ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ። ስትሄዱ ፊታችሁን ሳትቀቡ ሂዱ፤ እስከ ዛሬ የተጠቀማችሁባቸውን ክሬሞች ግን፣ ስም የሌለውን ብልቃጥ ጨምሮ፣ ሁሉንም በፌስታል ይዛችሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፏቸው።