ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤ ሰሚውስ ማን ነው?

«ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» የሚለውን ምሳሌ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ሽማግሌዎች በሸንጎ፥ መምህራን በትምህርት ቤት፥ እኛም በየጨዋታችን እንጠቅሰዋለን። ዳሩ ግን ምሳሌውን የምናውቀውን ያህል ወፉን አናውቀውም። ባለፈው ሰሞን ከሥራ ባልደረቦቼ ከወጣቶቹ ጋር ሻይ ስንጠጣ፥ «ባገራችን የሚኖሩትን የዱር ወፎች እስቲ በስማቸው ቍጠሩልኝ» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቁራ፥ ርግብ፥ ጭልፊት፥ ቆቅ፥ ጅግራ፥ ጥንብ አንሣ አሉና ቆሙ። አንደኛው ጥቂት አሰብ አደረገና «የሌሊት ወፍ» ሲል ጨመረ፤ እርሷም ልጆቿን ጡት የምታጠባ እንስሳ እንጂ ወፍ አይደለችም። ከዚህ የቀረው ሁሉ ለእነርሱ እንዲያው «ወፍ» ብቻ ነው።

ይህን ማለቴ በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ በእነርሱ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ከዚህ የበለጠ አላውቅም ነበር። ነገር ግን በኢትዮጵያ ምድር የታዩት የወፍ ዐይነቶች ከ800 በላይ ናቸው። ከ800 ስድስቱን ብቻ ማወቅ፥ ለተማረና ነገ ያገር ጕዳይ ለሚረከብ ሰው ጥቂት የሚያሳፍር ይመስለኛል።

ሩቅ ሳንሄድ አንዱን ምሳሌ እናንሣ። ማለዳ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ መንቆሩ ረዥምና ወደ ታች የጐበጠ፥ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ጠቈር ያለ ወፍ፥ በመንጋ ሆኖ እየጮኸ ያልፋል። ብዙዎቻችንን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰን እርሱ ነው። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ አይገኝም። በሳይንስ መዝገብ ያስገባው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን፥ ዘመኑም በፈረንጅ አቈጣጠር 1837 ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ተራራና በጐንደር ተዘዋውሮ ነበር። መንቆሩ ወፍራም የሆነውን ትልቁን የደጋ ቁራ፥ እንዲሁም ማጅራቷ ላይ ነጭ ያለባትን የገደል ርግብ የሰየመ እርሱ ነው። ወፎቹን ያገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ ያያቸው ነበር፤ ቆሞ ተመልክቶ፥ ጽፎ ለዓለም ያስታወቀው ግን መንገደኛ ሆነ።

የዚያን ጊዜ ተመራማሪ ወፍን የሚያውቀው በጠመንጃ ነበር። ተኩሶ ይጥላል፥ ቆዳውን አድርቆ ወደ አገሩ ይልካል። ዛሬ ግን ጠመንጃውን የሚተካ መሣሪያ በየኪሳችን አለ። እያንዳንዱ ተማሪ፥ እያንዳንዱ ወጣት ሹም ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ ይዟል፤ አንዳንዱም ከሩቅ አቅርቦ የሚያነሣ ካሜራ ለመግዛት ደመወዙን ያጠራቅማል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ጥያቄው መሣሪያው መኖሩ አይደለም፤ በመሣሪያው ምን እንሠራበታለን የሚለው ነው።

በእኔ አስተያየት ፎቶግራፍ ምስክር ነው። ዳኛ ፊት የቀረበ ምስክር ደግሞ «የት አየህ? መቼ አየህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ስፍራውንና ቀኑን መናገር ካልቻለ ቃሉ አይያዝለትም። ከዚህም በላይ፥ የሚመሰክርለትን ሰው ራሱ የገደለ ቢሆን ምስክርነቱ ወንጀል ይሆናል። የወፍ ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው፤ ስፍራና ቀን ሊኖረው ይገባል፥ ወፉንም ሊጐዳ አይገባም። ሁለቱ ካልተሟሉ ሥዕሉ የቱን ያህል ቢያምር ዋጋው ጥቂት ነው።

ስፍራና ቀን አለመጻፍ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ታሪክ ባገራችን አለ። ኤውጄንዮ ሩስፖሊ የሚባል ጣሊያናዊ ልዑል በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር ቆይቶ በ1893 ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል እስከዚያ ጊዜ ሊቃውንት ያላወቁት አንድ ውብ የደን ወፍ ተገኘ፤ ገላው አረንጓዴ፥ ሲበርር የክንፉ ላባ ቀይ ሆኖ የሚታይ ነው። በ1896 በልዑሉ ስም ተሰየመ። ነገር ግን ወፉን ከየት እንዳገኘውና መቼ እንዳገኘው ልዑሉ የጻፈው ቃል አልነበረም። ከዚህም የተነሣ ወፉ በደቡብ ደኖች ውስጥ እንደ ገና እስከ ተገኘበት እስከ 1940ዎቹ ድረስ፥ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስሙ ብቻ ታውቆ መኖሪያው ሳይታወቅ ቀረ። አንዲት መስመር ጽሑፍ ባለመኖሯ ይህን ያህል ዘመን ጠፋ።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ታሪክ ልጨምር። በ1990 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በነጭ ሳር ፓርክ ሲሄድ፥ በመኪና መንገድ ላይ የሞተ ወፍ አገኘ። ሌሊት እየበረረ ነፍሳት ከሚይዙት ወፎች ወገን ነው። ለመያዝ የሚበቃው አንድ ክንፍ ብቻ ስለ ነበር ክንፉን አንሥተው ስፍራውንና ቀኑን መዘገቡ። ክንፉ ከሌሎች ወፎች ክንፍ ጋር ሲመረመር ከሁሉም ተለየ፤ በ1995ም አዲስ ዐይነት ተብሎ ተሰየመ። የተሰጠውም የላቲን ስም «ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። እነሆ፥ ያ ልዑል ሙሉ ወፍ ይዞ ስፍራውን ሳያስታውቅ ቀረ፤ እነዚህ ግን አንዲት ክንፍ ይዘው ስፍራውን ለዓለም አስታወቁ።

ወጣት ሹማምንት፥ «ይህ የተመራማሪዎች ሥራ ነው፤ እኛ ጊዜ የለንም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ኮንስታንቲን ቤንሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ሥራው ወፍ መቍጠር አልነበረም፤ ዛሬ ማላዊ በምትባለው በኒያሳላንድ የአስተዳደር ሹም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጦር ሠራዊት ጋር ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መጣ። በዚያ የግዳጅ ጊዜ እንኳ ዓይኑን ስላልጨፈነ፥ ጭራዋ ላይ ነጭ ያላትን፥ እየበረረች ነፍሳት የምትለቅም ትንሽ ወፍ አስታወቀ፤ በ1942ም በሜጋ ከተማ ስም ሰየማት። ጦርነት ላይ ያለ ሰው ጊዜ ካገኘ፥ በሰላም ወረዳ የተሾመ ሰው እሑድ ከሰዓት በኋላን አያጣም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልመለስ፤ ይኸውም ወፉን ስላለመጕዳት ነው። በዚህ የምናገረው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። በወጣትነቴ በአንዲት የገጠር ከተማ ስሠራ፥ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሣር ውስጥ የቆቅ ጎጆ አገኘሁ። እናቲቱ በድንገት ብድግ ብላ በረረች፤ ሥሯ እንቍላሎች ነበሩ። እኔም በደስታ ሣሩን በሁለት እጄ ግራና ቀኝ ከፈልሁና፥ ተንበርክኬ ብርሃን እስኪገባ አስተካክዬ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ዛፍ ላይ ቁራ ተቀምጦ ነበር፤ አይቼዋለሁ፥ ምንም ግን አላሰብሁም። በማግሥቱ ስመለስ የተሰበረ ቅርፊት ብቻ ቀረኝ። የከፈልሁት ሣር እንደ ተከፈለ ነበር። ፎቶግራፉ ዛሬም አለኝ፤ አምሮ ወጥቷል። ነገር ግን ለሰው አሳይቼው አላውቅም።

ስለዚህ ጎጆ ፎቶግራፍ ለማንሣት አትቅረቡ፤ ይህ የመጀመሪያው ሕግ ይሁን። እናት ከእንቍላሏ ስትነሣ እንቍላሉ በብርድ ወይም በፀሐይ ይበላሻል፥ የእኛም ዱካ ለጠላቷ መንገድ ያሳያል። ሁለተኛ፥ ወፉ ራሱ ይንገራችሁ። መብላቱን ትቶ ቀና ካለ፥ አንገቱን ካሰገገ፥ ደጋግሞ ከጮኸ፥ «ቀርባችኋል» ማለቱ ነውና ወደ ኋላ ተመለሱ። ሦስተኛ፥ የወፍ ድምፅ በስልክ እያሰማችሁ አትጥሩት። ወፉ ባላንጣ የመጣበት እየመሰለው መብላቱንና ልጆቹን መጠበቁን ትቶ በከንቱ ይደክማል። አራተኛ፥ ብርቅ የሆነ ወፍ የሚኖርበትን ጎጆ ለሁሉ አታውጁ።

ትዕግሥት ሲኖር ወፉ ራሱ ይመጣል። በእንግሊዝ አገር ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የሚባሉ ወንድማማች የወፍን ፎቶግራፍ በማንሣት ከቀደሙት መካከል ናቸው። በ1900 ገደማ በሬ የሚመስል ባዶ ሰውነት በቆዳ ሠርተው፥ እውስጡ ከካሜራቸው ጋር ተሸሽገው ወፎችን ያነሡ ነበር። እኛ የበሬ ቆዳ አያስፈልገንም። ብዙ ወፍ በእግሩ ከሚሄድ ሰው ይልቅ የቆመ መኪናን አይፈራም፤ መኪና የሌለው ደግሞ ከዛፍ ሥር ሳይነቃነቅ ይቀመጥ። ማለዳና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብርሃኑ ለስላሳ ነው፥ ወፎቹም ለምግብ ይወጣሉ። ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ መቀመጥና መጠበቅ ነው።

እየተመላለሰ የሚጽፍ ሰው በወሬ የማይገኝ ነገር ያገኛል። በመስቀል ሰሞን በማሳ ዳር ቀይና ጥቁር፥ ወይም ቢጫና ጥቁር ለብሰው ታይተው ኋላ «ጠፉ» ከምንላቸው ወፎች አንዳንዶቹ ከቶ አልሄዱም። ወንዶቹ የዘር ጊዜያቸው ሲያልፍ የክት ልብሳቸውን አውልቀው እንደ ድንቢጥ ቡናማ ስለሚሆኑ አናውቃቸውም እንጂ፥ ከፊታችን ናቸው። ይህን አንዲት ፎቶግራፍ አትነግረንም፤ ዓመት ሙሉ የተጻፈ ደብተር ግን ይነግረናል።

«ሰው ሳይጠግብ ስለ ወፍ ማሰብ የቅንጦት ነው» የሚልም አይጠፋም። ለዚህ የህንድን አገር ላስታውሰው። በዚያ አገር ጥንብ አንሣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ እጅግ በፍጥነት አለቀ፤ ሦስቱ ዋና ዋና ዐይነቶች ከመቶ ከ95 እጅ በላይ ጠፉ። የከብቱ በድን የሚያነሣው አጥቶ በየሜዳው ይበሰብስ፥ ውሻም ይበዛ ጀመር። ማለቃቸው በቍጥር ሊረጋገጥ የቻለው፥ አስቀድሞ በ1980ዎቹ በብሃራትፑር ፓርክ የተቈጠረ ቍጥር ተጽፎ ስለ ቈየ ነው። ምክንያቱም በ2004 ታወቀ፤ ለከብት ይሰጥ የነበረ ዲክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት ነበር። በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ተከለከለ። ቀድሞ የቈጠረ ሰው ባይኖር ኖሮ ስንት እንደ ጠፋ በምን ይታወቅ ነበር?

ይህ ነገር በተለይ እናንተን ወጣት ሹማምንትን የሚነካ ነው። ነገ በጠረጴዛችሁ ላይ ወረቀት ይቀርባል፤ ይህ ረግረግ ይድረቅ፥ ይህ ሜዳ ይታረስ፥ ይህ ደን ይመንጠር የሚል። መፍቀድም መከልከልም ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በሜዳው ላይ ምን እንደሚኖር የማያውቅ ሹም፥ የማያውቀውን ነገር ይፈርማል ማለት ነው። በነገሌ ቦረና አጠገብ ባለው በሊበን ሜዳ፥ ከሣር ሥር ጎጆዋን የምትሠራ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት። ሣሩ በግጦሽ ሲያልቅ፥ መሬቱ ሲታረስ፥ ቍጥቋጦ ሲወርረው መኖሪያዋ ይጠባል። ያው ሣር የአርብቶ አደሩ ከብት መኖ ነው። ስለዚህ የወፏ ችግርና የሰውየው ችግር አንድ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። በሚመጣው እሑድ አንድ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ መነጽር ያለው መነጽሩን፥ ካሜራ ያለው ካሜራውን ይጨምር። ወደ እንጦጦ፥ ወደ ገፈርሳ ውኃ፥ ወይም ወደ ሰፈራችሁ ቤተ ክርስቲያን ጥድና ወይራ ሂዱ። በመጀመሪያ ተመልከቱ፥ ቀጥሎ ጻፉ፥ ፎቶግራፉ በመጨረሻ ይሁን። ስሙን ባታውቁ እረኛውን ጠይቁ፤ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በሌላ ያገር ቋንቋ የነገራችሁን ስም ከቀኑና ከስፍራው ጋር አኑሩት። ከሩፔል በፊት ስም የሰጠ እርሱ ነበርና።

ወፉ እንዳገሩ መጮኹን አላቋረጠም። እኛም ተራችን ደርሷል፤ ጥቂት ዝም ብለን እንስማው።