ብርሃን ወይስ ቅብ?

በቅርቡ በደብረ ታቦር ከተማ የተቀረጸ አንድ የቡሄ ቪዲዮ አይተን ነበር። የአዘጋጁንም ሆነ የድምፃዊውን ስም አንጠራም፤ ትችታችን በአሠራሩ ላይ እንጂ በግለሰብ ላይ አይደለምና። ድምፃዊው መሐል ቆሞ ያዜማል፤ ፊቱ እንደ ተላጠ ድንች ነጥቷል። ከበው ሆያ ሆዬ የሚጫወቱት ልጆች ግን ፊት የላቸውም፤ ከነጭ ልብሳቸው በላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ይታያል። በነሐሴ በለምለም ሣር የሚሸፈነው የጉና ግርጌም የሆሊዉድ ፊልሞች ያስለመዱንን ብርቱካንማ ቀለም ለብሶ በበጋ እንደ ደረቀ ማሳ ተጋድሟል።

ጥያቄያችን አጭር ነው፦ ይህ የማን ፊት ነው? የማንስ አገር ነው?

ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። በቪዲዮ ቅንብር «ማስክ» የሚባለው ዘዴ የምስሉን አንድ ክፍል፣ ፊትን ወይም ሰማይን ወይም ልብስን፣ ከልሎ ሌላውን ሳይነኩ ለብቻው ለመሥራት ያስችላል። ባለሙያዎች «ከለር ግሬዲንግ» የሚሉት የቀለም እርማት ደግሞ የምስሉን ብርሃንና ቀለም ይገራል። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ከዘዴነት አልፈው ሥልጣን ይሆናሉ፤ ማን በብርሃን እንደሚቆም፣ ማንስ በጨለማ እንደሚቀር የሚወስን ሥልጣን። በዚያ ቪዲዮ ማስኩ የተሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። በዓሉ ግን የልጆቹ ነበር።

«ገበያው የሚፈልገው ይህንን ነው» የሚሉን አሉ። ገበያው ፊቱን የሚጠላ ተመልካች የሚያፈራው ግን እነርሱ በየቀኑ ፊትን እያነጡ ስለሚያሳዩት አይደለምን? በሌላው ወገን ደግሞ «ምስሉን አትንኩ፣ ካሜራው ያየው እውነት ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህም ተሳስተዋል። ካሜራ ገለልተኛ ምስክር ሆኖ አያውቅም። በቀለም ፊልም ዘመን የኮዳክ ማጠቢያ ቤቶች ቀለምን የሚያመዛዝኑት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር። ኩባንያው ለቡናማ ቀለም መጨነቅ የጀመረው የቸኮሌትና የእንጨት ቤት ዕቃ አምራቾች ምርታችን በትክክል አልታየም ብለው ካጉረመረሙ በኋላ እንደ ሆነ አጥኚዎች ጽፈዋል። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ሰዎች የያዘ ካርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ቸኮሌት ከሰው ፊት ቀድሞ ተሰማ! እንግዲህ ያልተነካ ምስል ሁሉ እውነት ነው የሚል ሰው ይህን ታሪክ ይመርምር።

ደብረ ታቦር ስሟን የምትጋራው ፊት እንደ ፀሐይ አበራበት፣ ልብስም እንደ ብርሃን ነጣበት ከሚባለው ተራራ ጋር ነው፤ ነሐሴ 13 የሚከበረው ቡሄም የዚሁ መታሰቢያ ነው። ፊትና ልብስ በአንድነት መብራታቸው ለካሜራ ባለሙያ ከባድ ፈተና ነው። ለፊቱ ሲል ብርሃን ቢጨምር ነጠላው ተቃጥሎ ጥለቱና ድርና ማጉ ይጠፋል፤ ለነጠላው ሲል ቢቀንስ ፊቱ ይሰጥማል። ማስክና የቀለም እርማት ተጣምረው የሚያስፈልጉትም እዚህ ላይ ነው።

ሥራው ሥርዓት አለው። በቀረጻ ጊዜ ነጠላውን ከመቃጠል ማዳን ይቀድማል፤ ፈጽሞ የነጣ ቦታ በቅንብር አይመለስምና፤ ከጥላ ውስጥ ግን በልክ ማውጣት ይቻላል። ቀጥሎ ማስክ ከመጀመሩ በፊት የምስሉ ጠቅላላ ሚዛን ይስተካከላል፤ ለዚህም ነጠላው ራሱ መልካም ምስክር ነው፤ እርሱ ነጭ ሆኖ ከታየ ሣሩም አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፊቶቹ በማስክ ይከለላሉ፤ ጠርዙ ካልለሰለሰ በራስ ዙሪያ የብርሃን አክሊል ይፈጠራል፤ ራስ ሲንቀሳቀስም ማስኩ አብሮ ካልተንቀሳቀሰ ብርሃኑ ከሰውየው ኋላ ይቀራል። በመጨረሻም ብርሃኑ ይነሣል፤ ቀለሙ ግን አይለወጥም። ቬክተርስኮፕ በሚባለው የቀለም መለኪያ ላይ የቀዩም፣ የጠይሙም፣ የጥቁሩም ሰው ቆዳ በአንድ መስመር አቅራቢያ ይውላል፤ ልዩነቱ በአመዛኙ የብርሃን መጠን ነው። ስለዚህ ጠይም ፊት እንዲታይ ማብራት እንጂ ማንጣት አያስፈልግም።

«ለእያንዳንዱ ልጅ ማስክ መሥራት ድካም ነው፣ መሣሪያም የለንም» ይሉን ይሆናል። ድካም መሆኑ እውነት ነው። መሣሪያው ግን አለ፤ ያለ ክፍያ የሚገኘው የዳቪንቺ ሪዞልቭ ቅጂ እንኳ ይህን ሁሉ ያሠራል። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፊልሙ የገበሬውን ፊት ያሳየን በጥቁርና ነጭ ነበር። ቀለም ሳይኖረው ፊትን ካከበረ፣ እኛ የቀለም ዓይነት ሁሉ በእጃችን እያለ ፊትን ብናጠፋ ምን እንባላለን?

መምህራን ሆይ፣ ቅንብር ስታስተምሩ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ብቻ አታሳዩ፤ ለማን ፊት እንደሚነካ ጠይቁ። የባህል ሥራ ኃላፊዎችም፣ በበዓላት ስም የሚቀርብላችሁን ቪዲዮ ከማጽደቃችሁ በፊት ከኋላ የቆሙትን ልጆች ፊት ፈልጉ። እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎች ደግሞ ፊቱን ላበደረን ሕዝብ ቅብ መመለስ ወርቅ ላበደረ ጠጠር መክፈል መሆኑን አንርሳ። ጅራፉን ያጮኸው ልጅ ራሱን በምስሉ ውስጥ ፈልጎ ካላገኘ፣ የቡሄን በዓል ቀርጸናል ለማለት አንችልም።