ቀርከሃ ስንተክል ጎረቤትም እናስብ



ግቢን በአትክልት ማስጌጥ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ኮሚቴውም ተቃውሞት አያውቅም። አሁን ግን በቀርከሃ ምክንያት ሁለት ጎረቤታሞች ቡና መጠራራት አቁመዋል። አንደኛው ለውበት ብለው አጥር ሥር የተከሉት ቀርከሃ በግንቡ ሥር ሾልኮ በሌላኛው ጎመን መደብ መሃል ብቅ አለ። ጉዳዩ ለሽማግሌ ደርሷል። ሌሎችም ችግኝ እያፈላለጉ ነው ስለተባለ፣ ነገር ሳይበዛ ይህን መጻፍ ግድ ሆነ።

ቀርከሃ የሣር ወገን ነው፤ የሚራባውም ከመሬት በታች በሚሄደው ሥሩ ነው። ስለዚህ ከመትከል በፊት የሚጠየቀው ቁመቱ ወይም ቀለሙ ሳይሆን፣ ሥሩ ባለበት ይሰበሰባል ወይስ ይሄዳል የሚለው ነው።

የአገራችን የደጋ ቀርከሃ በእንጅባራ በኩል በየጓሮው የሚታየው፣ በጨንቻም የዶርዜ ቤት የሚጎነጎንበት ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ይስማማዋል። ነገር ግን ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፤ አዲሱም ቡቃያ ከእናቱ ራቅ ብሎ ይወጣል። ለሰፊ ግቢ እሰየው፤ የመብራት ሽቦ ለሚያልፍበት ጠባብ ግቢ ግን አይሆንም። የቆላው፣ ሽመል የሚባለው፣ ውስጡ ድፍን ነው፤ ተሰብስቦ ይበቅላል። አገሩ አሶሳና መተከል ስለሆነ የኛ ብርድ አይመቸውም።

ከውጭ የመጡት ላይ ነው ሰው የሚምታታው። ግንዱ ቢጫ ሆኖ አረንጓዴ መስመር የተሰመረበት አለ፤ እሱ ባለበት እየወፈረ የሚሄድ እንጂ ጎረቤት የሚሻገር አይደለም። ሌላው ወርቃማ ቀርከሃ የሚሉት፣ ዘሩ ከቻይና የሆነው ነው። እሱም ፀሐይ ሲመታው ቢጫ ይሆናል። ሥሩ ግን ሯጭ ነው፤ ከተተከለበት ብዙ ሜትር ርቆ ይወጣል። መለያው ከግንዱ ግርጌ ነው፦ አንጓዎቹ እዚያ ጋ ተጠጋግተውና ተዛንፈው ከታዩ እሱ ነው። (በየሱቁ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የሚሸጠው ትንሹ ደግሞ ጭራሽ ቀርከሃ አይደለም፤ ለጠረጴዛ የሚሆን ሌላ ተክል ነው። ማንንም አያጣላም።)

ሯጩን የተከለ ሰው ከላይ ቢቆርጠው ዋጋ የለውም፤ ከሥር ተመልሶ ይመጣል። የሚያዋጣው ዙሪያውን 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ ወፍራም ፕላስቲክ መቅበር ነው። የፕላስቲኩ ጫፍ ከአፈሩ በላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ይቅር፤ ሥሩ ዘሎ ሲያልፍ የሚታየው ያኔ ነው። ቆርቆሮ አትቅበሩ፣ ይበሰብሳል። በየዓመቱም ክረምት ሲወጣ ዳሩን በአካፋ ፈትሾ ያመለጠውን ሥር መቁረጥና መንቀል ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ሰው ሯጩን ባይተክል ይሻለዋል።

ቀርከሃ ጭራሽ ይከልከል ያሉ አባላት አሉ። ኮሚቴው አልተቀበለውም። ቡቃያው በጥቂት ወር ሙሉ ቁመቱን ይይዛል፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው ለአጥር፣ ለዳስ፣ ለወንበር ይቆረጣል። በወንዙ በኩል አፈሩ እየተናደ ላስቸገረን ቦታም የደጋው ቀርከሃ ሥር አፈር ይይዛልና ቢተከል ጥሩ ነው እንላለን። እዚያ ቢሄድም የሚያስቀይመው ሰው የለም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ሯጩ ቀርከሃ ያለ መከለያ አይተከል፤ ሌላውም ከጋራ አጥር ሁለት ሜትር ይራቅ፤ ተሻግሮ ከተገኘ የሚያስነቅለው የተከለው ሰው ይሁን። የሚቃወም ካለ በስብሰባው ይናገር፣ በየበሩ አይንሾካሾክ።

የሁለቱ ጎረቤታሞች ሥር የሚነቀለው በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሁለቱም ተስማምተዋል። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ