የወለቀ ጥርስና የመጀመሪያው አንድ ሰዓት፦ በካፋ ለሚማሩ ልጆቻችን

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ስለ ካፋ በተነሣ ቁጥር የምንሰማው ስለ መንገድ፣ ስለ ቡና፣ ስለ ደንና ስለ በጀት ነው። ስለ ልጆች ሲወራም ወባ፣ የምግብ እጥረትና የመማሪያ መጽሐፍ ይነሣሉ። ሁሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን በትምህርት ቤት ሜዳ በአንድ ቅጽበት ደርሶ ልጁን ዕድሜ ልኩን የሚከተል፣ ብዙም የማይነገርለት ጉዳት አለ። እርሱም የፊት ጥርስ መሰበርና መውለቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ 1 ቢሊዮን ያህል ሰዎች እንዲህ ያለ ጉዳት ደርሶባቸዋል። እስከ 12 ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 20 በመቶ ያህሉ ተጎድተዋል። ስለዚህ ነገሩ የጥቂት ረባሽ ልጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አደጋው የሚበረታው በማን ላይ ነው?

በመጀመሪያ፣ ቋሚ የፊት ጥርሳቸውን ገና ባበቀሉ፣ መሮጥና መታገል በሚወዱ ልጆች ላይ ነው። ወንዶች ከሴቶች ይልቅ ይጎዳሉ። ሁለተኛ፣ የላይ ጥርሳቸው ወደ ፊት በወጣ፣ በተለምዶ ገጣጣ በምንላቸው ልጆች ላይ ነው። የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ቀድሞ ሲወጣ አደጋው እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ከንፈር ካልሸፈነው ደግሞ ይብሳል።

ሦስተኛው አካባቢ ነው። ካፋ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ጭቃማ ቁልቁለት፣ ድንጋይ የበዛበት የኳስ ሜዳ፣ ውኃ የሞላ ጀሪካን ተሸክሞ መውረድ፣ ዛፍ ላይ መውጣት፣ ሞተር ሳይክል፣ ሁሉም የመውደቂያ ምክንያቶች ናቸው። የጠርሙስ ክዳን በጥርስ መክፈትም አለ።

አራተኛው የሰው እጅ ነው። ጥርስ በልጆች ጠብ ይሰበራል፤ በአዋቂ ጥፊም ይሰበራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህ ድንጋጌ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችንም ሊያሳስባቸው ይገባል።

ድህነት የሚለየው የት ላይ ነው?

የባለጠጋ ልጅም ይወድቃል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ድሀ ልጆች ሁልጊዜ የበለጠ ይጎዳሉ በሚለው ላይ አልተስማሙም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ከወደቁ በኋላ ነው። የተሸረፈ ጥርስ ሕመሙ በጥቂት ቀን ሊበርድ ስለሚችል ቤተሰብ ይተወዋል። ከጊዜ በኋላ ግን የጥርሱ ውስጥ ሊሞት፣ ጥርሱ ሊጠቁርና መግል ሊቋጥር ይችላል፤ በመጨረሻም ይነቀላል። ከዴቻ፣ ከሳይለም ወይም ከጌሻ ገጠር ቦንጋ ድረስ መምጣት ራሱ ወጪ ነው። የጥርስ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ልጁም አፉን በእጁ ሸፍኖ መሳቅን ይለምዳል፤ በክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ያፍራል።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት

ደግነቱ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። በብዙ አካባቢ የወለቀ የወተት ጥርስን ጣራ ላይ መወርወር የቆየ ልማድ ነው። በአደጋ የወለቀ ቋሚ ጥርስ ግን መጣል የለበትም፤ ወደ ስፍራው ሊመለስና ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ፦

1. ጥርሱን ፈልጉ። ሥሩን ሳትነኩ በሚያኝከው ጫፍ በኩል ያዙት።
2. ከቆሸሸ በወተት ወይም በልጁ ምራቅ በቀስታ አለቅልቁት እንጂ አትፈትጉት።
3. ልጁ ራሱን የሚያውቅና የተረጋጋ ከሆነ ጥርሱን ወደ ቦታው መልሱትና ንጹሕ ጨርቅ ያስነክሱት።
4. ካልተቻለ በቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ፍጠኑ። ጥርሱ በደረቅ ከቆየ በሥሩ ላይ ያሉት ሕያው ሴሎች መትረፍ የሚችሉት ቢበዛ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። በሶፍት ወይም በወረቀት መጠቅለል ያደርቃቸዋል።
5. የወተት ጥርስ ከሆነ አትመልሱት፤ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል። ቁስሉ አፈር ከነካው ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጠይቁ።

በዚያ ሰዓት አጠገቡ የሚገኘው ሐኪም አይደለም። አስተማሪው፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ጎረቤት ወተት ያላት እናት ናቸው። ይህን አምስት ነጥብ አንድ መምህር ለባልደረቦቹ በሩብ ሰዓት ሊያስረዳ ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ቢያነሡት መልካም ነው።

አጥቢያዎችም ድርሻ አላቸው። ልጆች የሚጫወቱበትን ግቢ ድንጋይ መልቀም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችን ማሠልጠን፣ ከዲቁና አገልግሎት ገንዘብ ለአንድ ተጎጂ ልጅ የመጓጓዣና የሕክምና ወጪ መመደብ ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ጌታ በምሳሌ የነገረን ደጉ ሳምራዊ ሁለት ነገር አደረገ። በመንገድ ላይ በእጁ በነበረው ዘይትና ወይን የወደቀውን ሰው ቁስል አከመ፤ በእንግዶች ማረፊያ ደግሞ የቀረውን ወጪ ከፈለ። ሜዳ ላይ ጥርሱ ለወለቀ የካፋ ልጅ የሚያስፈልገው ይኸው ሁለቱ ነው፦ በመጀመሪያው ሰዓት የሚያውቅ እጅ፣ ከዚያም በኋላ ወጪውን የሚጋራ ወገን።